ቅቤ የተቀባው ምርኩዝ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ አይሱዙ እናቴ ለምታሠራት ሱቅ የሚሆን አሸዋ በራችን ላይ ገልብጦ ሄደ። ከወንዝ የወጣ፣ ገና ውሃው ያልተንጠፈጠፈለት አሸዋ ነበርና ሽታው፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ዝናብ የነካው መሬትም አይደለም፣ የጉድጓድ ውሃም አይደለም፤ በሁለቱ መሐል ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ከአፍንጫ አልፎ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ ሽታ ነው። ደብተሬን ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩና እጄን እስከ ክርኔ አሸዋው ውስጥ ከተትኩት። እናቴ ከውስጥ አይታኝ ኖሮ «ሐያት፣ ድመት ነሽ እንዴ? ውጪ ከአሸዋው» አለችኝ። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ፈተና የደረሰባት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አልነበርኩም። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ሆኜ፣ ከትምህርት ቤታችን ሜዳ ጥግ፣ አሸዋ በፈሰሰበትና ጭድ የተሞላ ጆንያ በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ በጀርባዬ ተንጋልዬ ሰማይ እያየሁ ነበር።

የምርኩዝ ዝላይ ጀማሪ ነበርኩ። ይህን ስናገር አዲስ የሚተዋወቁኝ ልጆች ይስቃሉ። መካነ ሰላም ውስጥ ስፖርት ማለት ኳስ ነው፣ አለዚያም ሩጫ ነው፤ ከሰው ቁመት ሁለት እጥፍ የሚሆን እንጨት ተሸክሞ መሮጥ፣ ሮጦም መሬት ላይ ሰክቶ በላዩ ተንጠልጥሎ ገመድ መሻገር ጤነኛ ሰው የሚያደርገው ነገር አይመስልም። ለኔም አይመስለኝም ነበር፣ ቲቸር ሰሎሞን እስኪመጣ ድረስ።

ቲቸር ሰሎሞን የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪያችን ነበር። ከኛ ብዙም የማይበልጥ፣ ቀጭን ሰው ስለነበረ አንቱታው አልመጣልንም። ምርኩዝ ዝላይን ራሱ የዘለለው ኮሌጅ እያለ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ያን ቀንም ቁርጭምጭሚቱ ወልቋል፤ ይህን ግን እንደ ትልቅ ጀብዱ አድርጎ ስለነገረን አምስት ልጆች እጃችንን አወጣን። የመጀመሪያው ምርኩዛችን የባሕር ዛፍ አጣና ነበር። ከበደን፣ ትከሻችንን ላጠው፣ በሁለተኛው ሳምንት ከመሐሉ ሲሰበር አራቱ ልጆች አብረውት ቀሩ። እኔ የቀጠልኩት ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ከትምህርት ቤት ስወጣ የምሄድበት ቤት ፀጥ ያለ ስለነበረ ነው።

እናቴ ዓረብ አገር የሄደችው ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የነበርነው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና አያቴ አባ ይመር። አያቴ አስታራቂ ሽማግሌ ነበሩ። የተጣላ ባልና ሚስት፣ ድንበር የተጋፋ ጎረቤት ሁሉ ይፈልጋቸዋል፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያናግሩ ስለሚውሉ ይሁን እንጃ፣ ቤት ሲገቡ ንግግራቸው ያልቅ ነበር። ዱላቸውን ከበሩ ኋላ ያቆማሉ፣ ጥምጣማቸውን ያስተካክላሉ፣ ይሰግዳሉ፣ ራዲዮናቸውን ይከፍታሉ። እወዳቸው ነበር። ግን ከሰው ጋር ተቀምጦ የራስን ድምፅ ብቻ መስማት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል።

ቲቸር ሰሎሞን አንድ ሰኞ ከዓባይ ማዶ፣ ከጎጃም በኩል፣ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ የመጣ ቀርከሃ ይዞልኝ መጣ። ቢጫ፣ ቀላል፣ አንጓዎቹ በቢላ የተስተካከሉ ቀርከሃ። ሳየው ያ ሁሉ ርዝመት የኔ መሆኑን አላመንኩም። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ስወስደው እንደማንኛውም ያገራችን ሰው አግድም ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ሁለት እጄን አንጠልጥዬበት ስሄድ መንገዱን ሞላሁት፤ አንድ ባጃጅ ቆሞ አሳለፈኝ፣ እህል ይዘው ከገበያ የሚመለሱ አንዲት ሴትዮ ደግሞ ወደ ጥግ ሸሽተው «ወይ ጉድ፣ ማንን ልትመቺ ነው በዚህ ሁሉ?» አሉኝ። «ገመድ ነው እማማ» አልኳቸው። ቆም ብለው አዩኝና «ገመዱ ምን አደረገሽ?» አሉ። 

አሁን ሳስበው የኔ ችግር አለመቻሌ አልነበረም፤ ችግሬ ቀድሞ የማውቀው ነገር ነበር። እኛ ጋ በክረምት ወንዝና ቦይ በዱላ መሻገር አዲስ አይደለም። ሰው ዳር ላይ ይቆማል፣ ዱላውን ውሃው ውስጥ ሰዶ ጥልቀቱን ይለካል፣ ጫፉ የት እንዳረፈ አጎንብሶ ያያል፣ ከዚያ ክብደቱን ጥሎበት ይዘላል። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንዲህ ስሻገር ስላደግኩ ሰውነቴ ሌላ አያውቅም። ምርኩዝ ዝላይ ደግሞ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። ጉድጓዱ ጋ ስትደርሱ ፍጥነት መጨመር እንጂ መቀነስ የለባችሁም፤ ጫፉን ማየትም የለባችሁም። እኔ ግን እየሮጥኩ መጥቼ ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ ቀስ እላለሁ፣ አጎነብሳለሁ፣ ምርኩዙ የሚሰካባትን ትንሽ ጉድጓድ ትክ ብዬ አያለሁ፣ ከዚያ ጆንያው ላይ እንደ ከረጢት ዘፍ እላለሁ። ቲቸር ሰሎሞን ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ «ሐያት፣ ወንዝ እኮ አይደለም የምትሻገሪው። ጥልቀቱን ማን ለኪ አለሽ?» ይለኛል። ራሱ ይስቃል፣ እኔም አሸዋ እየተፋሁ እስቃለሁ።

ቀስ በቀስ ገባኝ። ቀኝ እጅ ከላይ፣ ግራ እጅ ከፊት። ከጉድጓዱ ወደ ኋላ አሥራ ሁለት እርምጃ ቆጥሮ ድንጋይ ማስቀመጥ፣ ሁልጊዜም ከዚያች ድንጋይ መነሳት። በመጨረሻው እርምጃ ግራ እግር መሬት ሲመታ ቀኝ እጅ ከራስ በላይ ቀጥ ማለት አለበት፤ ትንሽ እንኳ ከታጠፈ ምርኩዙ ገፍቶ ይመልሳችኋል። ከሁሉ የከበደኝ ደግሞ አለመጎተት ነው። ሰው ሲንጠለጠል ክንዱን ማጠፍ፣ ራሱን ወደ ላይ መሳብ ይፈልጋል። ቲቸር ሰሎሞን ግን ዥዋዥዌ ላይ ያለች ልጅ ገመዷን አትጎትትም፣ ዝም ብላ ትወሰዳለች ይለኝ ነበር። የምይዝበትን ቦታ በቀይ ክር አስሬ በየሳምንቱ ክሯን በአንድ ጣት ወደ ላይ አሳድጋት ነበር። አንድ ሐሙስ ምርኩዙ እውነትም ወሰደኝ። ያን ስሜት ልጽፈው ስንት ጊዜ ሞክሬ ሰርዣለሁ፤ መሬት ከእግሬ ስር ሳይሆን ከጎኔ የሄደች መሰለኝ ብል ይቀርባል።

ከዚያ ቲቸር ሰሎሞን ተዛወረ። ባለቤቱ ሌላ ዞን አስተማሪ ነበረች፣ ዝውውሩን ለዓመታት ሲጠብቀው ነበር፤ ደስ ብሎት ሄደ፣ ደስ ሊለውም ይገባል። ለኔ ቀርከሃውንና የዝላዩን ደረጃዎች በእስክሪብቶ የሳለበትን አንድ የደብተር ወረቀት ተወልኝ። ሚኒባሱ ሳይነሳ በመስኮት ጎንበስ ብሎ «ዘላይ ራሷን አታይም፤ የሚያይሽ ሰው ፈልጊ» አለኝ። ከየት ነው የምፈልገው? ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ሲያልፉ «ጦጣዋ ጀመረች» ከማለት በቀር ቀና ብለው አያዩኝም፤ ጓደኞቼ የነበሩትም ልጃገረዶች ከቀሚስ ስር ሱሪ ለብሳ ከምትንጠለጠል ልጅ ጋር መታየት አልወደዱም። ወደ ማታ፣ ሳይጨልም፣ ሜዳው ባዶ ሲሆን ጆንያዎቹን ብቻዬን ጎትቼ አነጥፋለሁ፣ ገመዱን ብቻዬን በሁለት ቋሚ እንጨት ላይ እወጥራለሁ፣ ስጥለው ብቻዬን ተመልሼ አነሳዋለሁ። ከምዘልበት ጊዜ ገመድ የማነሳበት ይበልጥ ነበር።

ያኔ ነው ስልኩ ትዝ ያለኝ። እናቴ የላከችልኝን ስልክ ጫማዬ ውስጥ አቁሜ ራሴን መቅረጽ ጀመርኩ፤ ቀረጻውንም ለሷ እልክላት ነበር። መጀመሪያ የላክሁት እንድታስተካክለኝ ብዬ አልነበረም፣ የምልክላት ሌላ ነገር ስለሌለኝ ነው። ሰላም ነሽ፣ ሰላም ነኝ፣ አባዬ ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ፤ ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ዝም እንል ነበር። ዝላዩን ከላክሁላት በኋላ ግን የድምፅ መልእክቶቿ ረዘሙ። ዓርብ ከሰዓት፣ አሠሪዎቿ ሲተኙ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሆና በሹክሹክታ ትናገራለች፤ ከኋላዋ የፍሪጅ ድምፅ ይሰማል። «አንቺ ልጅ፣ አሁንም መሬት መሬት ታያለሽ። የጠፋብሽ መርፌ አለ እንዴ?» ትለኛለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ቀኝ ክንድሽ ሳየው ይታጠፍብኛል። እንደ ትናንቱ ቀጥ አድርጊው፤ የትናንቱን ደግሜ ደግሜ ነው ያየሁት፣ ልብስ ስተኩስ ከፊቴ አቁሜው።» ስለ ምርኩዝ ዝላይ በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም። እኔን ግን ታየኛለች፣ ለካ የሚያስፈልገው እሱ ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ ያልተነጋገርነውን በሁለት ወር ስለ ክርንና ስለ ቁርጭምጭሚት ተነጋገርን።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ከየወረዳው ተመርጠው ደሴ የሚወዳደሩ ልጆች ምርጫ እንዳለ ተነገረ። ለምርኩዝ የተመዘገብኩ ሴት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ከማንም ጋር አልወዳደርም፤ አንድ ሜትር ከሰማንያ ላይ የተወጠረ ገመድ በሦስት ሙከራ ካለፍኩ እመረጣለሁ፣ አለዚያ አልመረጥም። ለእናቴ ነገርኳት። የመለሰችልኝን አሁንም በቃሌ አውቀዋለሁ፤ «ደሴ ከሄድሽማ እመጣለሁ። በዓይኔ ሳላይሽ አልቀርም፣ ወላሂ።»

ወላሂ አለች። እሷ ምናልባት እንደ ማበረታቻ ነው ያለችው። እኔ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ያን ገመድ ሳይ የማየው ገመድ አልነበረም። ሳልነካው ካለፍኩት እናቴ ትመጣለች፣ ከነካሁት አትመጣም። ይኸው ነበር ስሌቱ። ልምምድ ላይ ደግሞ አልፈው ነበር፤ ከአሥሩ ሰባቱን።

በምርጫው ቀን ጠዋት ልወስደው ስሄድ ቀርከሃዬ ከነበረበት ግድግዳ ጥግ የለም። አያቴ ደጅ፣ ሁለት በርጩማ ላይ አጋድመውት፣ በጨርቅ ያሹታል። ያበራል። ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ሙሽራ ፀጉር ያበራል። ማንኛውም ሽማግሌ አዲስ ዱላ ሲያገኝ እንደሚያደርገው፣ እንዳይሰነጠቅ፣ ሰው ፊትም ሲወጣ እንዲያምር ብለው፣ በቀደመው ቀን እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ ቅቤ ቀብተው በእሳት ወላፈን አሙቀውታል፤ ጠዋት ደግሞ ሁለተኛ ደርበውበታል። ቀዩ ክር የታሰረበትን ቦታ እንዲያውም ከሌላው ይበልጥ አሽተውታል፣ የእጅ ቦታ ነውና። «ሰው ፊት ደረቅ እንጨት ይዘሽ አትውጪ» አሉኝ። ያን ያህል ጊዜ ስዘል አንድ ቀን እንኳ ስለዝላዩ ቃል ተናግረው አያውቁም ነበር። ምን ልበላቸው? አፌ «እሺ አባዬ» አለ። ጠዋቱ ብርዳም ስለነበረ ቅቤው ረግቶ ነበር፤ ሲነኩት እምብዛም አያንሸራትትም፣ ምንም አይልም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

እሳቸውም መጡ። ነጭ ጥምጣማቸውን አሣምረው፣ ከገመዱ ሃያ እርምጃ ያህል ርቀው፣ ከአንድ ጎረቤታችን ጋር ቆሙ። የመጀመሪያውን ሙከራ ስነሳ ፀሐይዋ ጠንክራ ነበር፣ መዳፌም ልቤም ግለዋል። ሰካሁ፣ ዘለልኩ፣ ቀኝ እጄ ክሯን ይዞ ወደ ታች ተንሸራተተ። ገመዱን በደረቴ ይዤው ወደቅኩ። ለሁለተኛው የሚቻለኝን ያህል አጥብቄ ያዝኩ፤ ሲያጠብቁት ይብሳል። ተንሸራተትኩ።

ሦስተኛው ላይ፣ ከድንጋይዬ አጠገብ፣ ጎንበስ ብዬ አንድ እፍኝ አፈር አነሳሁ። መድኃኒቱ በእጄ ነበር። አፈሩን ቅቤው ላይ አሽቶ በቀሚስ ጠርዝ መጥረግ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ዳኛውም አይከለክለኝም። ቀና ስል አያቴ እያዩኝ ነው። ለጎረቤታችን ሲናገሩም ሰማኋቸው፤ «እኔ ነኝ የቀባሁላት፤ ሲያበራ አታይም?» ይሏቸዋል። እሳቸው ሰውን ሲያስታርቁ ኖረው፣ ሰው ፊት ያፈሩበትን ቀን አላየሁም። የሠሩልኝን፣ ሰው እያያቸው፣ በአፈር እንዴት እጠርጋለሁ? እፍኜን ከፈትኩት፣ አፈሩ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ሮጥኩ። እንደ ሁለቱ ጊዜ ሆነ።

አያቴ መጥተው አሸዋውን ከትከሻዬ አራገፉልኝና «እንኳን አልተሰበርሽ» አሉ። እናቴ ዓርብ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ኢንሻአላህ ሌላ ጊዜ» ብላ ላከችልኝ። የወደቅኩበትን ምክንያት ለማንም አልተናገርኩም። እናቴም አልመጣችም።

አሁን የምጽፈውን መጻፍ ደስ አይለኝም፣ ግን ጀምሬዋለሁ። አኮረፍኳቸው። የማይታይ ኩርፊያ ነበር፤ ምግባቸውን አቀርባለሁ፣ የውዱእ ውሃቸውን አሙቃለሁ፣ ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ፣ ከዚያ ውጭ ቃል ከአፌ አይወጣም። እሳቸውም ምርኩዙን መቀባት አልተዉም። በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ለገበያ ከመጣው ቅቤ ላይ ቀንሰው፣ በፍቅር ያሹታል፤ እኔ ደግሞ ዝላዩን ስላልተውኩ በማግሥቱ ወንዝ ወስጄ በአመድና በሳሙና እፍቀዋለሁ። እሳቸው ይቀባሉ፣ እኔ አጥባለሁ። ቀርከሃው ግራ ሳይገባው አልቀረም። እንዲህ ሆነን ሁለት ዓመት ኖርን። በልቤ ውስጥ ነገሩ የተቆረጠ ነበር፤ እናቴን ያስቀሯት እሳቸው ናቸው።

አምና በክረምቱ መውጫ አያቴ አረፉ። ብዙም አልታመሙም። እናቴ በሦስተኛው ቀን አንድ ሻንጣ ይዛ ገባች፣ ሰደቃው ላይ ደረሰች። በበሩ ስትገባ በድምፅዋ እንጂ በመልኳ አላወቅኋትም፤ እሷም አንገቴን አቅፋ ስታለቅስ ቆየችና ራቅ አድርጋ አየችኝ፣ በስልክ ትንሽ ነበርሽ አለችኝ። ስንት ዓመት የጠበቅሁት መምጣት እንዲህ ሆነ፣ በለቅሶ ቤት፣ ሰው መሐል።

ሰዉ ሲቀንስ፣ አንድ ከሰዓት ሁለታችን ብቻ ጓሮ ተቀምጠን ሳለ፣ እናቴ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ቀርከሃ ስታየው ቆየች። «ያን ቀን ግን ምን ነክቶሽ ነው? አልፈሽው አልነበር እንዴ፣ ስንት ጊዜ ልከሽልኛል» አለችኝ። ነገርኳት። ቅቤውን፣ ክሯን፣ እፍኝ አፈሩን ሁሉ። መጀመሪያ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች፤ «አይ አባ፣ ለእጅ ቦታ ደግሞ ጨምረው» እያለች ሳቋ መልሶ ለቅሶ ሆነ። እኔም ሸክሜን ያወረድኩ መስሎኝ «እሱ ባይሆን ትመጪ ነበር» አልኳት።

የቀሚሷን ጫፍ አጥፋ ፈታች። «ሐያት፣ እኔ እኮ ያን ጊዜ ከፈረምኩ ቆይቻለሁ። ሁለት ዓመት ጨምሬ ውል ፈርሜ ነበር። ደሴ ብትሄጂም አልመጣም ነበር። ደስ ብሎሽ እንድትዘይ ብዬ ነው ያልኩሽ።»

እናቴን አልተቆጣኋትም፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ቁጣ ለማንም ይበዛብኛል። አሁን አብረን ነን፣ ከአጠገቤ ትተኛለች፣ ሱቋም ኢንሻአላህ ትከፈታለች። ቀርከሃው ደርቆ ተሰነጠቀ። እኔም ክብደት ጨመርኩ፣ ሐሙስ ሐሙስ የሚወስደኝ ነገር የለም። ይህ ሁሉ ያስችላል። የማያስችለኝ ሌላ ነው።

ባኮረፍኩባቸው በሁለቱ ዓመታት አያቴ ራዲዮናቸውን ዘግተው አንዳንድ ምሽት አንድ ጥያቄ ይጠይቁኝ ነበር። «ለመሆኑ ላይ ስትደርሺ ምን ይታይሻል?» «ምንም» እላቸዋለሁ። «ምንም?» «ምንም አባዬ።» እሺ ብለው መልሰው ይከፍቱታል።

ይታየኝ ነበር። ምርኩዙን የምለቅበት ቅጽበት ላይ፣ ሆዴ ወደ ገመዱ ዞሮ፣ ጭንቅላቴ ከትምህርት ቤቱ የቆርቆሮ አጥር በላይ ሲወጣ፣ ዓይን ጨፍኖ ለመግለጥ ለምትበቃ ጊዜ፣ የከተማው ጣሪያ ይታየኛል፣ ወደ ዓባይ በኩል ያለው ጭጋግ ይታየኛል፣ ከአጥሩ ማዶ መንገዱ ዳር ደግሞ ነጭ ጥምጣም ይታየኛል። ወደ ግቢው ለመግባት ፈርተው፣ እኔን ማስቀየም ፈርተው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ከልለው፣ በላይ በኩል ብቅ የምልበትን ቦታ እየጠበቁ። ከምድር የሚታያቸው እኔው ነኝ፣ ያውም ለቅጽበት። በዘለልኩ ቁጥር አየኋቸው። «አንቱን ነው የማየው አባዬ» ለማለት ስንት ቃል ነው?